ኢዲዩ እና ክሊክ ኬሚስትሪ፦ አዲስ የተሠራ ዲኤንኤን ስለማቅለም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢዲዩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክሩ ተማሪዎችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ከመሠረታዊው ጥያቄ ወደ አስቸጋሪው።

ኢዲዩ ምንድን ነው?

ከአራቱ የዲኤንኤ ፊደላት አንዱን፣ ቲን፣ የሚተካ ሰው ሠራሽ ሞለኪውል ነው። ሙሉ ስሙ 5-ኢታይኒል-2′-ዲኦክሲዩሪዲን ይባላል። ከተፈጥሮው ታይሚዲን የሚለየው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ታይሚዲን በቀለበቱ 5ኛ አቶም ላይ ሜታይል አለው። ኢዲዩ በዚያው ቦታ ኢታይኒል ይዟል፤ በሦስት ቦንድ የተሳሰሩ ሁለት ካርቦኖችና ጫፋቸው ላይ አንዲት ሃይድሮጅን ማለት ነው። ኬሚስቶች ይህን አልካይን ይሉታል።

ሴል ለመከፈል ሲዘጋጅ ዲኤንኤውን ይገለብጣል። በዚያ ሰዓት ኢዲዩ ካገኘ በቲ ፋንታ ያስገባዋል። ከኤ ጋር መጣመሩም አይቸግረውም፤ አልካይኑ ያለው ፊደላቱ በሚጣመሩበት በኩል ሳይሆን ወደ ውጭ በሚያይ በኩል ነው። ስለዚህ አዲስ የተሠራው ዲኤንኤ ላይ ብቻ፣ ኋላ ቀለም የምንሰካበት ትንሽ መንጠቆ ይቀራል።

ክሊክ ኬሚስትሪስ?

ሁለት ሞለኪውሎችን በፍጥነት፣ በአስተማማኝ ሁኔታና ብዙ ተረፈ ምርት ሳይተዉ የሚያያይዙ ሪአክሽኖች የጋራ ስም ነው። ሐሳቡን ባሪ ሻርፕለስና ባልደረቦቹ በ2001 ዘርዝረው ጻፉት። በጣም የታወቀው አዛይድንና አልካይንን የሚያጋጥመው ነው። አዛይድ ሦስት ናይትሮጅን በተርታ የያዘ ቡድን ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ትራያዞል የሚባል ጠንካራ ባለ አምስት አቶም ቀለበት ይሠራሉ።

ሪአክሽኑ ራሱ የቆየ ነው። ጀርመናዊው ሮልፍ ሁይስገን በ1960ዎቹ በሰፊው አጥንቶታል። ግን ሙቀት ይፈልግ ነበር፤ ውጤቱም የሁለት ዓይነት ምርት ድብልቅ ነበር። በ2002 ሞርተን ሜልዳል በኮፐንሃገን፣ ሻርፕለስና ቫለሪ ፎኪን ደግሞ በካሊፎርኒያ፣ በየፊናቸው አንድ ነገር አገኙ። ትንሽ መዳብ ሲጨመር ሪአክሽኑ በክፍል ሙቀት፣ ውሃ ውስጥ ሳይቀር ይፈጥናል፤ የሚወጣውም አንድ ምርት ብቻ ነው። ሻርፕለስ፣ ሜልዳልና ካሮሊን በርቶዚ በ2022 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈሉ። ለሻርፕለስ ሁለተኛው ነበር፤ የመጀመሪያውን የወሰደው በ2001 ነው።

ለባዮሎጂ የጠቀመው ሌላ ነገር ነው። አዛይድም ሆነ እንዲህ ያለው አልካይን በሴሎቻችን ውስጥ በተፈጥሮ የሉም። ስለዚህ በሺህ የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች በተጨናነቁበት ቦታ ሁለቱ የሚፈላለጉት እርስ በርስ ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት በምን ይሠሩ ነበር? ቢአርዲዩስ ምን ጎደለው?

መጀመሪያ በጨረራ ነበር። በ1957 ኸርበርት ቴይለርና ባልደረቦቹ ትሪቲየም (ጨረራ የሚሰጥ ሃይድሮጅን) የያዘ ታይሚዲን ለባቄላ ሥር ሰጡ። አዎ፣ እኛ ለሽሮና ለፉል የምናውቀው ባቄላ ነው። ክሮሞሶሞቹ ትልልቅና ጥቂት በመሆናቸው ለማየት ይመቻሉ። ከአንድ ዙር ግልበጣ በኋላ ሁለቱም እህትማማች ክሮማቲዶች ምልክት ነበራቸው። ከሁለተኛው ዙር በኋላ አንደኛው ብቻ። አዲስ ዲኤንኤ አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ሰንሰለት ይዞ እንደሚሠራ ካሳዩት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ችግሩ ጨረራው ፊልም ላይ እስኪታይ ቀናት ወይም ሳምንታት መጠበቅ ነው።

ቀጥሎ ቢአርዲዩ መጣ። እሱም የቲ ምትክ ነው፤ ብሮሚን ይዟል። በ1982 ቢአርዲዩን የሚለይ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ከተሠራ በኋላ ጨረራ አላስፈለገም። ነገር ግን አንቲቦዲ ትልቅ ፕሮቲን ነው፤ ክብደቱ 150 ኪሎዳልተን ያህል ነው። በተጣመረ ዲኤንኤ ውስጥ የተደበቀውን ብሮሚን አያገኘውም። ስለዚህ ዲኤንኤውን በጠንካራ አሲድ፣ በሙቀት ወይም በኢንዛይም መክፈት ግድ ይላል። አሲዱ የቲሹውን ቅርጽ ያበላሻል፤ ሌሎች ፕሮቲኖችን በአንቲቦዲ ማየትም ያስቸግራል።

በ2008 አድሪያን ሳሊክና ቲሞቲ ሚቺሰን ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ኢዲዩን ከክሊክ ጋር አገናኙት። አዛይድ የያዘው ቀለም ከአንድ ኪሎዳልተን አካባቢ አይበልጥም። ስለዚህ ወደተጣመረው ዲኤንኤ ሰተት ብሎ ይገባል። አሲድ የለም፣ ማፍላት የለም። የአንድ ቀን ሥራ የነበረው በአንድ ከሰዓት ያልቃል።

የምገዛው ኑክሊዮሳይድ ነው ወይስ ኑክሊዮታይድ?

ይህን ሳታጣሩ አትዘዙ። ለሕያው ሴል ወይም ለእንስሳ ከሆነ ኑክሊዮሳይዱን፣ ማለትም ፎስፌት የሌለውን ኢዲዩ ግዙ። ፎስፌት የያዘው ሞለኪውል ቻርጅ ስላለው የሴልን ሽፋን አያልፍም። ኢዲዩ በኑክሊዮሳይድ አጓጓዥ ፕሮቲኖች በኩል ይገባል። ከገባ በኋላ ታይሚዲን ካይኔዝ የሚባለው ኢንዛይም የመጀመሪያውን ፎስፌት ይለጥፍለታል። ሌሎች ኢንዛይሞች የቀሩትን ሁለት ይጨምራሉ።

ሥራችሁ በቱቦ ውስጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ በፒሲአር (ዲኤንኤን በቱቦ ውስጥ ማባዛት) ወይም የተበጣጠሰ ዲኤንኤን ጫፍ ለማቅለም፣ የሚያስፈልጋችሁ ኑክሊዮታይዱ፣ ማለትም ሦስት ፎስፌት የያዘው ትራይፎስፌት ነው። ዲኤንኤን የሚሠራው ኢንዛይም፣ ፖሊሜሬዝ፣ የሚቀበለው እሱን ብቻ ነው። በስም ተመሳስለው በካታሎግ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ተሳስቶ የሚያዝዝ ሰው ብዙ ነው።

ለስንት ሰዓት፣ በምን ያህል መጠን?

በላብራቶሪ በፍጥነት ለሚባዙ ሴሎች 10 ማይክሮሞላር ኢዲዩ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይበቃል። አጭር ጊዜ ከሰጣችሁ በዚያች ቅጽበት ዲኤንኤ የሚገለብጡትን ብቻ ታያላችሁ። ረዘም ካደረጋችሁ የሚጠራቀሙትን ትቆጥራላችሁ። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የትኛውን እየጠየቃችሁ እንደሆነ ሰዓቱን ከመወሰናችሁ በፊት ወስኑ።

ሥራው በተግባር እንዴት ይሄዳል?

ኢዲዩውን ሰጥታችሁ ሰዓቱ ሲደርስ ሴሎቹን በ4 በመቶ ፎርማልዲሃይድ ለ15 ደቂቃ ፊክስ አድርጉ፤ ባሉበት ቅርጽ እንዲቆዩ ማለት ነው። እጠቡ። ከዚያ በ0.5 በመቶ ትሪተን ኤክስ-100 ለ20 ደቂቃ ያህል ሽፋናቸውን ብሱ። እንደገና እጠቡ። እስከዚህ ድረስ ከተለመደው የአንቲቦዲ ሥራ አይለይም።

አሁን ወደ ድብልቁ። በቅደም ተከተል ሥሩት። መጀመሪያ 100 ሚሊሞላር ትሪስ ባፈር፣ ፒኤቹ 8.5 አካባቢ። ቀጥሎ ኮፐር ሰልፌት፣ በመጨረሻው ድብልቅ 1 ሚሊሞላር እንዲሆን። ከዚያ በጥቂት ማይክሮሞላር የሚለካ አዛይድ ያለው ቀለም። በመጨረሻ፣ ሴሎቹ ላይ ልታፈሱት ስትሉ፣ 100 ሚሊሞላር የሚደርስ አስኮርቢክ አሲድ። ከዚህ በኋላ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ሴሎቹ ላይ ይድረስ። ስልክ የምታነሡበት ጊዜ አይደለም። ሳህኑን በፎይል ሸፍናችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ እጠቡ፣ ኒውክሊየሱን በዳፒ ወይም በኸክስት አቅልሙ።

ማይክሮስኮፕ ሥር የምታዩት ነገር ልብ ይማርካል። ግልበጣውን ገና የጀመረ ሴል በኒውክሊየሱ ሁሉ የተበተኑ እጅግ ብዙ ደቃቅ ነጥቦች ይታዩበታል። መሐል ላይ የደረሰው በኒውክሊየሱ ጠርዝና በኒውክሊዮለሱ ዙሪያ ያበራል። ሊጨርስ የተቃረበው ጥቂት ትልልቅ ጉብታዎች ብቻ ይቀሩታል። አንዱን ሴል ከሌላው በዓይን ብቻ፣ ከግልበጣው የት ላይ እንደደረሰ መለየት ይቻላል።

አስኮርቢክ አሲዱ ለምን በየቀኑ አዲስ ይሠራል?

ሪአክሽኑን የሚያስኬደው አንድ ቻርጅ ያለው መዳብ ነው። ከጠርሙሱ የምትቀዱት ኮፐር ሰልፌት ግን ሁለት ቻርጅ ያለው ነው። አስኮርቢክ አሲድ፣ ያው ቫይታሚን ሲ፣ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ይቀይረዋል። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ደግሞ መልሶ ያበላሸዋል። ሙሉው ሪአክሽን የዚህ ግፊያ ውጤት ነው። የአስኮርቢክ አሲድ ውህድ ሲሠራ ምንም ቀለም የለውም። ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ሞቷል፤ ድፉት።

ውድ ኪት ሳልገዛ መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። እንዲያውም በጀት ለጠበበበት ላብራቶሪ የምመክረው ይህን ነው። ትሪስ፣ ኮፐር ሰልፌትና አስኮርቢክ አሲድ በየትኛውም የኬሚስትሪ መደርደሪያ ላይ ያሉ ርካሽ ነገሮች ናቸው። ከውጭ ማስመጣት ያለባችሁ ኢዲዩውንና አዛይድ ያለውን ቀለም ነው። ሁለቱም በጣም በትንሹ ስለሚወሰዱ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ብዙ ሙከራ ያሠራል። ዱቄቱን ዲኤምኤስኦ በሚባለው ማሟሚያ ውስጥ አሟሙታችሁ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡ።

ትንሽ ተጨማሪ ገንዘብ ካለ ለሊጋንድ አውሉት። ቲኤችፒቲኤ ወይም ቢቲቲኤኤ የሚባሉት መዳቡን አቅፈው ይይዙታል፣ ሪአክሽኑን ያፈጥናሉ፣ መዳቡ በሴሉ ላይ የሚያደርሰውንም ጉዳት ይቀንሳሉ። ሊጋንድ ስትጠቀሙ መጀመሪያ ከመዳቡ ጋር ለብቻቸው ቀላቅሏቸው፤ ከዚያ ወደ ባፈሩ።

ምንም አላበራም። የት ተሳሳትኩ?

መጀመሪያ የምጠይቀው ባፈራችሁ ውስጥ ኢዲቲኤ አለ ወይ የሚለውን ነው። ኢዲቲኤ መዳብን አንቆ ይይዛል። ሴሎቹን በትሪፕሲን-ኢዲቲኤ አንሥታችሁ በደንብ ካላጠባችሁ፣ ወይም ትሪስ-ኢዲቲኤ ባፈርን በትሪስ ፋንታ ካነሣችሁ፣ ሪአክሽኑ አይጀምርም። ሁለተኛው ሶዲየም አዛይድ ነው። ባፈር እንዳይሻግት ብዙ ላብራቶሪዎች ይጨምሩበታል። እሱም ራሱ አዛይድ ስለሆነ የቀለማችሁን ቦታ ይሻማል።

ሦስተኛው ቀለሙ ነው። ኢዲዩ አልካይን ይዟል፤ ስለዚህ ቀለሙ አዛይድ መያዝ አለበት። አልካይን የያዘ ቀለም አዛችሁ ከሆነ እስከ ማታ ብትጠብቁም ምንም አይሆንም። ዲቲቲ ወይም ቲሲኢፒ ያለበት ባፈርም አዛይዱን ያበላሻል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ሴሎቹን ተመልከቱ። ሳህኑን ሞልተው የተጨናነቁ ሴሎች መከፈል ያቆማሉ። ስለዚህ ምንም አለማብራታቸው ትክክለኛ መልስ ሊሆን ይችላል። በፍጥነት የሚባዛ ሴል ያለበት አንድ የሳህን ጉድጓድ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ሥሩ፤ እሱ ካበራ ኬሚስትሪያችሁ ጤነኛ ነው።

ሁሉም ነገር ያበራል። ይህስ?

ሁለት ኮንትሮል ያስፈልጋችኋል። አንዱ ኢዲዩ ያልተሰጠው፣ ግን ሙሉ ድብልቁን ያገኘ ሴል ነው። ሌላው ኢዲዩ የተሰጠው፣ ግን መዳብ የሌለበት ድብልቅ ያገኘ። ሁለቱም ጨለማ መሆን አለባቸው። ካበሩ ቀለሙ እንዲሁ እየተጣበቀ ነው። መጠኑን ቀንሱ፣ አስቀድማችሁ ቢኤስኤ በሚባለው ፕሮቲን ሸፍኑ፣ እጥበቱን ጨምሩ። ያለ እነዚህ ኮንትሮሎች የተነሣን ፎቶ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እኔ አላምነውም።

ከኒውክሊየስ ውጭ ያሉ ነጥቦችን ግን ቸኩላችሁ ቆሻሻ አትበሉ። ማይቶኮንድሪያም የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ እሱም ኢዲዩ ይወስዳል። ነጥቦቹ በዳፒም ከታዩና በሴሉ ጠርዝ ዙሪያ ከተበተኑ ደግሞ ማይኮፕላዝማ የሚባለው የሴል ባህልን የሚበክል ባክቴሪያ ገብቶ እንደሆነ መርምሩ።

ጂኤፍፒዬና ፋሎይዲኔ ለምን ጠፉ?

መዳቡ ነው። በራሱ አረንጓዴ የሚያበራውን ፕሮቲን፣ የጂኤፍፒን፣ ብርሃን ያደክማል። አክቲንን የሚያቀልመው ፋሎይዲንም ከመዳቡ ጋር አይስማማም። ፋሎይዲንን ከክሊኩ በኋላ ማድረግ አንዱ ሙከራ ነው፤ ሁልጊዜ አያድንም። የጂኤፍፒ ብርሃን ቢጠፋ ፕሮቲኑ እዚያው ስላለ በፀረ-ጂኤፍፒ አንቲቦዲ መልሳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

የተሻለው መንገድ ፒኮሊል አዛይድ ያለው ቀለም ነው። ፒኮሊሉ መዳቡን ወደ ራሱ ስለሚስብ፣ በጣም ባነሰ መዳብ ያንኑ ብርሃን ታገኛላችሁ።

መዳብ መርዝ ከሆነ ሕያው ሴልን እንዴት ላቅልም?

ያለ መዳብ የሚሠራውን መንገድ በርቶዚና ባልደረቦቿ በ2004 አሳይተዋል። አልካይኑን በስምንት አቶም ቀለበት ውስጥ አጥፈው አስገቡት። አልካይን በተፈጥሮው ቀጥ ማለት ይፈልጋል፤ ሲታጠፍ ይወጠራል፣ አዛይድ ሲያገኝም ያለ ረዳት ይጋጠማል። የኢዲዩ አልካይን ግን ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ኢዲዩ ያለ መዳብ አይሠራም፤ ይህ በተደጋጋሚ የሚረሳ ነው። መንጠቆውን መገልበጥ ያስፈልጋል፤ አዛይዱ ዲኤንኤው ላይ፣ የተወጠረው አልካይን ቀለሙ ላይ። ለዚህ 5-አዚዶሜታይል-ዲኦክሲዩሪዲን በ2014 ቀርቧል። በዚያው ዓመት የዙሪክ ተመራማሪዎች ቪኒል ያለው ዲኦክሲዩሪዲን ከቴትራዚን ጋር ያለ መዳብ እንደሚጋጠም አሳይተዋል።

በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በተግባር እነዚህ ቀለሞች ስብ ይወዳሉ፣ በሴሉ ውስጥ ተጣብቀው ይቀራሉ፣ አጥቦ ማውጣት ያስቸግራል። ጥያቄያችሁ በፊክስ ሴል የሚመለስ ከሆነ በመዳቡ መንገድ ሂዱ።

በፒሲአር ውስጥ ሳስገባው ፖሊሜሬዙ እምቢ አለኝ።

ለውጡ የት እንዳለ ተመልከቱ። ለሲና ለቲ 5ኛው ቦታ፣ ለኤና ለጂ ደግሞ 7-ዲያዛ በሚባሉት ምትኮች ላይ 7ኛው ቦታ ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ወደ ውጭ ያያሉ። ሙኒክ ያለው የቶማስ ካረል ቡድን ረዘም ያለ ክንድ ያለው አልካይን በቲ ቦታ አስገብቶ፣ ከፒሲአር በኋላ ዲኤንኤውን ጥቅጥቅ አድርጎ ማቅለም እንደሚቻል አሳይቷል። ኬኦዲ ኤክስኤል እና ፒዎ የመሳሰሉ ፖሊሜሬዞች ከተራው ታክ የተሻለ ይታገሣሉ። የተፈጥሮውን ቲ ሙሉ በሙሉ ከማስወጣት ይልቅ በድብልቅ መጀመርም ይረዳል።

አጭር ዲኤንኤ በማሽን የምታሠሩ ከሆነ አልካይኑን ዲኤንኤው ላይ፣ አዛይዱን ቀለሙ ላይ አድርጉ። በማሽኑ የሚገቡት ፎስፎራሚዳይቶች አዛይድን ስለሚያጠቁ ተቃራኒው ያስቸግራል።

በእርሾ እና በወባ ተሕዋስ ላይ ለምን አይሠራም?

ታይሚዲን ካይኔዝ ስለሌላቸው ነው። የዳቦ እርሾ የራሱን ቲ ከሥር ጀምሮ ይሠራል እንጂ ከውጭ አይለቅምም። የወባው ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረምም እንደዚያው ነው። ኢዲዩ ቢገባ እንኳ የመጀመሪያውን ፎስፌት የሚለጥፍለት የለም። በአገራችን ወባን የሚያጠኑ ተማሪዎች ይህን ቀድመው ቢያውቁ ብዙ ወራት ይተርፋቸዋል። መፍትሔው የካይኔዙን ጂን በጄኔቲክ ምሕንድስና ማስገባት ነው። ለእርሾ የኑክሊዮሳይድ አጓጓዥም አብሮ ይጨመራል።

ኢዲዩና ቢአርዲዩን አንድ ሴል ላይ መጠቀም ይቻላል?

ይቻላል። መጀመሪያ አንዱን፣ ከሰዓታት በኋላ ሌላውን በመስጠት ሴሉ በየትኛው ፍጥነት እንደሚጓዝ ይለካል። አደጋው አንዳንድ የቢአርዲዩ አንቲቦዲዎች ኢዲዩንም መያዛቸው ነው። ሞቡ-1 የሚባለው ክሎን ኢዲዩን አይነካም። የምትጠቀሙበትን አንቲቦዲ ኢዲዩ ብቻ በተሰጠው ሴል ላይ ሳትፈትኑ ውጤት አትጻፉ።

ኢዲዩ ራሱ ሴሉን ይጎዳል?

ለአጭር ጊዜ ሰጥታችሁ ወዲያው ፊክስ ካደረጋችሁ ብዙም አያሳስብም። ለቀናት ከቆየ ግን ይጎዳል። ኢዲዩ ቲ የሚሠራውን ታይሚዲሌት ሲንቴዝ ያውካል፤ የዲኤንኤ ጉዳት ማስጠንቀቂያንም ያነሣል። አንዳንድ የሴል ዓይነቶች መከፈል ያቆማሉ፣ ይሞታሉም። በ2022 የአዚዝ ሳንጃር ቡድን ደግሞ የሴሉ ጠጋኝ ሥርዓት ኢዲዩን እንደ ጉዳት ቆጥሮ ቆርጦ እንደሚያወጣው አሳየ። ኢዲዩው ገና በአካባቢው ካለ፣ የተቆረጠው ቦታ ሲሞላ እንደገና ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ሴሎችን አቅልሞ ለሳምንታት መከታተል ከፈለጋችሁ ኢዲዩ ጥሩ ምርጫ አይደለም። በ2011 ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ፍሎሪን ያለበት ዘመዱ፣ ኤፍ-አራ-ኢዲዩ፣ ለዚህ ዓይነት ሥራ ታስቦ የተሠራና መርዛማነቱ ያነሰ ነው። ለራሳችሁም ተጠንቀቁ። ዲኤንኤ ውስጥ የሚገባ ነገር ስለሆነ ያለ ጓንት አትንኩት። ሶዲየም አዛይድ ያለበትን ፈሳሽም የመዳብ ወይም የእርሳስ ቧንቧ ባለው መታጠቢያ አትድፉ፤ ከብረቱ ጋር የሚፈነዳ ነገር ይሠራል።

ያበራ ሴል ሁሉ ተከፍሏል ማለት ነው?

አይደለም። ኢዲዩ የሚነግራችሁ ዲኤንኤ መሠራቱን ብቻ ነው። ሴሉ ገልብጦ ሳይከፈል ሊቀር ይችላል። አንዳንድ የጉበት ሴሎች ዲኤንኤአቸውን አባዝተው ሳይከፈሉ ይቀመጣሉ።

ጥገናም አለ። ሴሎችን በአልትራቫዮሌት መትታችሁ ኢዲዩ ብትሰጡ፣ ግልበጣ ላይ ያልሆኑትም ደብዘዝ ብለው በመላ ኒውክሊየሳቸው ያበራሉ። የተጎዳውን ቆርጠው በአዲስ እየሞሉ ነው። ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም የሚባለውን፣ ቆዳን ለፀሐይ እጅግ ተጋላጭ የሚያደርገውን የዘር በሽታ ለመመርመር ይህችው ደብዛዛ ብርሃን ትለካለች፤ በብዙዎቹ ታማሚዎች ሴል ላይ ቀንሳ ትገኛለች።

ስለዚህ ብርሃኑን በአዎና በአይደለም ብቻ አትቁጠሩት፤ መጠኑን ለኩ። ሴሎችን አንድ በአንድ በሚለካው መሣሪያ፣ በፍሎው ሳይቶሜትር፣ የኢዲዩን ብርሃን ከጠቅላላው የዲኤንኤ መጠን ጋር አስተያዩት። የሚገለብጡት በአንድ እጥፍና በሁለት እጥፍ የዲኤንኤ መጠን መካከል እንደ ቅስት ይቀመጣሉ፤ ጥገና ላይ ያሉት ከሥር ይቀራሉ። መከፈሉን ለማረጋገጥ ደግሞ በመከፈል ላይ ያለ ሴል ምልክት የሆነውን ፎስፎ-ሂስቶን ኤች3ን አብራችሁ አቅልሙ፣ ወይም ሴሎቹን በቀጥታ ቁጠሩ። በተለይ በአዋቂ አንጎል ውስጥ አዲስ ነርቭ ሴል ተወለደ የምትሉ ከሆነ፣ ኢዲዩ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም። ያው ሴል የነርቭ ሴል ምልክት እንደያዘ አሳዩ፤ እየሞተ ወይም እየተጠገነ አለመሆኑንም አጣሩ።